ሴንሰሩን ከመቆፈራችሁ በፊት

ጥያቄ፦ እኛ አዳማ ያለን 3 የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ነን። በጥቅምት 2017 በከተማው ዙሪያ 3 ጊዜያዊ የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያ ጣቢያዎች ተክለናል። ሰሜንን ያገኘነው በኮምፓስ ነው። ቦኩ አጠገብ ያለው ጣቢያ ግን ግራ አጋባን። በጥቅምትና በኅዳር ከፈንታሌ እሳተ ገሞራ የመጡት ሞገዶች አቅጣጫ ከሰሜን 34 ዲግሪ ገደማ ይወጣል። በካርታ 56 መሆን ነበረበት። ኮምፓሱን ብረት አሳስቶት ነው ብለን ተውነው። ከታኅሣሥ መጨረሻ ወዲህ ግን እንቅስቃሴው ወደ ሰሜን ወደ ዶፈን እሳተ ገሞራ ሲሄድ ስህተቱ የለም ማለት ይቻላል። መሆን ያለበት 46፣ የሚወጣው 44። ሴንሰሩን ማንም አልነካውም። ዕቃው አዲስ ነው፣ የኬብሉ መሰኪያ ተሰብሮብን እኛው ሶልደር ከማድረጋችን በቀር። ሴንሰሩ ራሱ ዞሮ ይሆን እንዴ? ቆፍረን አውጥተን እናስተካክለው ወይ? የሰበሰብነውስ ዳታ ይጣላል? እባክዎ ይርዱን።

መልስ፦ አትቆፍሩ። ይህን ላስቀድም፣ ምክንያቱም ጥያቄያችሁን ሳነብ አንዳችሁ አካፋ ይዞ ባጃጅ እየጠራ መሰለኝ። ሴንሰሩ ባለበት ይቆይ። ዳታውም አይጣልም። እንደኔ ግምት የጠፋ ነገር የለም። የተቀያየረ ነገር ግን አለ።

መጀመሪያ «ራሱ ዞሮ ይሆን?» ለሚለው። በደንብ የተቀመጠ ሴንሰር እንዲህ አይዞርም። አፈሩ ሊሰጥም ይችላል፣ ጎርፍ ሊያጋድለው ይችላል፣ ላም ልትረግጠው ትችላለች። ነገር ግን 20 ዲግሪ ያህል የሚያዞር ኃይል መጀመሪያ ውሃ ልኩን ነው የሚያበላሸው። ያኔ የውስጡ ክብደት ከመሃል ይሸሻል። ዲጂታይዘሩ (የሴንሰሩን ምልክት ወደ ቁጥር የሚቀይረው ሳጥን) የክብደቱን አቀማመጥ በቮልቴጅ ስለሚመዘግብ እዚያ ላይ ዝላይ ይታያል። ያንን ፋይል ክፈቱት። በታኅሣሥ መጨረሻ ዝላይ ከሌለ ሴንሰሩ ንቅንቅ አላለም። ደግሞስ ተሳስቶ የተተከለ ዕቃ በራሱ ዞሮ ልክ ትክክለኛው ቦታ ላይ ይቆማል? እንዲህ ያለ ዕድል ቢኖረን ሎተሪ እንቆርጥ ነበር።

አሁን የራሳችሁን ቁጥሮች ደምሩ። ፈንታሌ፦ 56 እና 34፣ ድምሩ 90። ዶፈን፦ 46 እና 44፣ ድምሩ 90።

አቅጣጫውን እንዴት እንዳወጣችሁት እናስታውስ። ፒ ሞገድ (ከሁሉ ቀድሞ የሚደርሰው) ሲመጣ መሬቱን በመጣበት መስመር ላይ ይገፋዋል ወይም ይስበዋል። የሰሜኑ ቻናል (የሰሜን-ደቡብ እንቅስቃሴ የሚመዘገብበት) ይህን ያህል ተንቀሳቀሰ፣ የምሥራቁ ይህን ያህል ተንቀሳቀሰ ትላላችሁ። ምሥራቁን ለሰሜኑ አካፍላችሁ ከሰሜን ወደ ቀኝ የሚቆጠረውን ማዕዘን ታገኛላችሁ። ሁለቱ ቻናሎች ከተቀያየሩ ግን የምታካፍሉት ተገልብጦ ነው። የምታገኙትም ከ90 ላይ እውነተኛው ማዕዘን ሲቀነስ የሚተርፈውን ነው።

በ45 ዲግሪ መስመር ላይ መስታወት እንደቆመ ቁጠሩት። መስታወቱን ተደግፎ የቆመ ሰው ምስሉም እሱው ዘንድ ነው። ራቅ ያለ ሰው ምስሉ በሌላው ወገን ያንኑ ያህል ይርቃል። ዶፈን ከአዳማ ሲታይ 46 ላይ ስለሆነ መስታወቱን ተደግፏል። ፈንታሌ ከመስታወቱ 11 ዲግሪ ይርቃል፣ ስለዚህ ስህተቱ እጥፉ ሆኖ 22 ወጣ። በመስከረም 2017 ፈንታሌ አካባቢ የተጀመረው መንቀጥቀጥ ኋላ ወደ ሰሜን ወደ ዶፈን መሄዱን እናንተው ጽፋችሁታል። የካቲት 7 ሌሊት አዳማንም አዲስ አበባንም የነቀነቀው፣ መጠኑ 6 ገደማ የነበረው፣ ከዚያው ወገን ነው። መንቀጥቀጡ ቦታ ሲቀይር ወደ መስታወቱ ተጠጋ፣ ስህተታችሁም ተደበቀ። የተደበቀ እንጂ የታረመ ስህተት የለም።

ኬብሉን ሶልደር ያደረጋችሁትን ነገር እናንተ እንደዋዛ ነው የጻፋችሁት። እኔ መጀመሪያ ዓይኔን የጣልኩት እዚያ ላይ ነው። በመሰኪያው ውስጥ ለእያንዳንዱ ቻናል ጥንድ ሽቦ አለ፣ አንዱ ፖዘቲቭ አንዱ ኔጋቲቭ። የሰሜንና የምሥራቅ ጥንዶች ቦታ ከተለዋወጡ እናንተ ያያችሁት ዓይነት መስታወት ይፈጠራል። በአንዱ ጥንድ ውስጥ ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ ብቻ ከተለዋወጡ መስታወቱ በሌላ መስመር ላይ ይቆማል፣ ወይ በሰሜን-ደቡብ ወይ በምሥራቅ-ምዕራብ። ሁለቱም ጥፋት አንድ ላይ ከተሠራ ደግሞ፣ የሚገርመው፣ ንጹህ የ90 ዲግሪ መዞር ይሆናል። ልዩነቱን ልብ በሉ። መዞርን በማዕዘን ማረም ይቻላል። መስታወትን ግን ስንት ዲግሪ ብታዞሩት አይስተካከልም። ሰው በጥድፊያ 22 ዲግሪ አዙሮ ፈንታሌን ያስተካክልና ዶፈንን ያበላሻል። ከዚያ ወር ሙሉ ራሱን ይዞ ይቀመጣል።

ይሁን እንጂ ሁለት ቁጥር ስለተደመረ ብቻ ፍርድ አንሰጥም። እናንተ የተቀመጣችሁት በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ ነው። ከሥራችሁ ስብርባሪ ዓለት፣ የደለል ሽፋን፣ ከፈንታሌ እስከ እናንተ ባለው መንገድ ደግሞ እሳተ ገሞራና ትኩስ ነገር ሞልቷል። የቅርብ መንቀጥቀጥ ፒ ሞገድ በዚህ ሁሉ ውስጥ ሲያልፍ 10 ዲግሪ ያህል ቢጣመም አልደነቅም። አንድ ሌላ ነገርም አለ። ከአንድ ቦታ የመጡ 100 መንቀጥቀጦች ካሏችሁ 100 ምስክር አገኘን እንዳትሉ። አንድ ምስክር 100 ጊዜ ሲደግም ነው የሰማችሁት። መንገዱ ከጠመመ ለሁሉም እኩል ነው የሚጠምመው። የአቅጣጫ ምርመራ ከብዙ ወገን የመጣ ሞገድ ይፈልጋል።

ደግነቱ ዓመቱ ለዚህ ሥራ ሞልቶ ሰጥቷችኋል። መጋቢት 19 ቀን 2017 ጠዋት ሚያንማር ውስጥ መጠኑ 7.7 የሆነ ርዕደ መሬት ነበር። ከአዳማ አቅጣጫው 69 ዲግሪ ገደማ ነው። ሐምሌ 23 ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ሲሆን ደግሞ በሩሲያ የካምቻትካው 8.8 መጣ። የዚህ አቅጣጫ 32 ገደማ ነው። አንዱ ከመስታወቱ በዚህ ወገን፣ አንዱ በዚያ ወገን። ቻናሎቹ ተቀያይረው ከሆነ ሚያንማር 21 ላይ፣ ካምቻትካ 58 ላይ ሆነው ይታያሉ። ኮምፓሱ ተሳስቶ ሴንሰሩ በ22 ዲግሪ ዞሮ ተተክሎ ከሆነ ግን ሚያንማር 47፣ ካምቻትካ 10 ይሆናሉ። 58 እና 10 አይምታቱም። ይህን ለማየት ከወንበራችሁ መነሳት አያስፈልግም።

ካምቻትካ በጣም ሩቅ ነው፣ ከምድር መሃል በማዕዘን ሲለካ 101 ዲግሪ ያህል። ከዚያ ርቀት የሚመጣው ፒ ሞገድ የምድርን እምብርት ጠርዝ ታክኮ ስለሚያልፍ ደካማ ነው። ስለዚህ በሬይሊ ሞገድ፣ ማለትም በምድር ገጽ ላይ በሚጓዘው ሞገድ ሥሩ። ይህ ዘዴ በእጃችሁ ካሉት ሁሉ የምወደው ነው፣ ትንሽ ላብራራው። ሬይሊ ሞገድ ሲያልፍ መሬቷ ቅንጣት በቅንጣት ሞላላ ክብ ትሠራለች። ወደ ላይና ወደ ታች ስትል፣ ወደ ሞገዱ መሄጃና ወደ መምጫውም ትወዛወዛለች። ሁለቱ እንቅስቃሴዎች በሩብ ዙር ይቀዳደማሉ። እንግዲህ የቋሚውን ቻናል በሩብ ዙር አንሸራትቱት። ከዚያ ሁለቱን አግድም ቻናሎች በ1 ዲግሪ እርምጃ 360 ዲግሪ ሙሉ እያዞራችሁ ከተንሸራተተው ጋር አነጻጽሩ። ከሁሉ በላይ የሚገጥምበት ማዕዘን ሞገዱ የመጣበት ነው። የማንሸራተቻው ምልክት በትክክል ከተያዘ ፊትና ኋላን አይሳሳትም፣ የ180 ዲግሪ ጥርጣሬ አይኖራችሁም። ከ20 እስከ 50 ሰከንድ ባለው ፔሬድ (አንድ ውዝዋዜ በሚፈጀው ጊዜ) ውስጥ አጣሩ። የጊዜ መስኮቱን ሎቭ ሞገድ (ሌላው የገጽ ሞገድ) ካለፈ በኋላ ክፈቱት፣ እሱ ቀድሞ ነው የሚደርሰው፣ እንቅስቃሴውም በጎን በኩል ስለሆነ ውጤቱን ያደፈርሳል። በነፃ የሚገኙ ፕሮግራሞች ይህን ራሳቸው ይሠራሉ። እኔ ግን አንድ ጊዜ በእጃችሁ ብትሠሩት እመርጣለሁ።

ሴንሰራችሁ ብሮድባንድ (ዘገምተኛ ሞገድንም የሚሰማ) ከሆነ ነው ይህ ሁሉ። የ1 ሰከንድ ጂኦፎን ከሆነ የ30 ሰከንድ ሞገድ አይሰማም፣ የቅርብ መንቀጥቀጦችን ከየአቅጣጫው ከመልቀም ውጪ መንገድ የለም።

የንፋስ ተርባይኖቹና የመኪናው ጫጫታ ያሳስባችኋል? አያሳስባችሁ። የአዳማ 1 እና 2 ማማዎች 136 ናቸው። ንፋስ ሲነሳ በሰከንድ ጥቂት ጊዜ በሚንቀጠቀጥ ጫጫታ መሬቱን ይሞሉታል። የፍጥነት መንገዱም የራሱን ይጨምራል። ይህ ግን ከ20 ሰከንድ ፔሬድ በጣም የራቀ ነው። ለቅርብ ጥቃቅን መንቀጥቀጦች ፀር ነው እንጂ ለዚህ ሥራ ግድ የለውም።

ማነጻጸሪያ ከፈለጋችሁ አዲስ አበባ አጠገብ የፉሪ ቋሚ ጣቢያ አለ። የዓለም አቀፉ መረብ አካል ስለሆነ ዳታው ክፍት ነው። ከእናንተ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። የ50 ሰከንድ ሬይሊ ሞገድ ርዝመቱ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፣ ስለዚህ ሁለታችሁ የምታዩት ያው አንድ ሞገድ ነው። ከፉሪ ወደ አዳማ የሚወስደው መስመር ከካምቻትካ ለሚመጣው ሞገድ ጎን ለጎን የተሰለፈ ነው። በሁለቱም ቦታ በአንድ ጊዜ ይደርሳል ማለት ይቻላል። የፉሪን ሰሜን በእናንተ «ሰሜን» ላይ ደርቡት። ካልገጠመ በእናንተ «ምሥራቅ» ላይ ደርቡት። ከገጠመ ጉዳዩ አለቀ። ከራሳችሁ ሁለት ጣቢያዎች ጋርም እንዲሁ አድርጉ።

ቦኩ ስትወጡ ደግሞ ሴንሰሩን ሳትነኩ የሚሠራ ፍተሻ አለ። ከሦስታችሁ ክብደት ያለው ሰው ከሴንሰሩ በስተሰሜን አንድ ሜትር ርቆ 2 ደቂቃ ጸጥ ብሎ ይቁም። ከዚያ ይራቅ። ቀጥሎ በስተምሥራቅ ያንኑ ያድርግ። ሰዓቱን በሰከንድ ጻፉ። የሰው ክብደት አፈሩን በጥቂቱ ያጎደጉደዋል፣ ሴንሰሩም በዓይን በማይታይ መጠን ወደ ሰውየው ያጋድላል። አግድም ቻናሎች ለማጋደል በጣም ስሱ ናቸው። ሰውየው ሰሜን ሲቆም ጎልቶ የሚወዛወዘው ቻናል እውነተኛው ሰሜን ነው። መጀመሪያ ወደ ኔጋቲቭ መውረድ አለበት። ወደ ፖዘቲቭ ከወጣ ፖላሪቲውም ተገልብጧል። አፈሩ ለስለስ ያለ ከሆነ ግሩም ይሠራል፣ ዓለት ላይ ይደክማል። ቤት ውስጥ ስትለማመዱ ሳቅ እንዳይበዛ ብቻ።

እንበልና ቻናሎቹ መቀያየራቸው ተረጋገጠ። ከዚያ በኋላም ጥቂት ዲግሪ ይተርፋል። የኮምፓሱ ጣጣ የሚመጣው አሁን ነው። ለሦስቱም ጣቢያዎች ይመለከታል።

ቦኩ የእሳተ ገሞራ አገር ነው። ጥቁር ድንጋዩ ውስጥ ማግኔታይት አለ፣ ገረጋንቲውም ንጹህ አይደለም። ኮምፓስ መሬት ላይ ስታስቀምጡ እና ደረታችሁ ላይ ስትይዙ የተለያየ ቁጥር ከሰጣችሁ ድንጋዩ እየተናገረ ነው። የሲሚንቶው ወለል ውስጥ ፌሮ ካለ፣ ክዳኑ ላሜራ ከሆነ፣ መኪናው አጠገብ ከቆመ፣ ኪሳችሁ ውስጥ ስልክ ካለ፣ ሁሉም መርፌውን ይስባል። ሴንሰሩ ራሱ ውስጡ ማግኔት አለው። ኮምፓሱን አናቱ ላይ አስቀምጦ ሰሜን የሚያነብ ሰው አይቻለሁ። ያነበበው የሴንሰሩን ልብ ነው። ቀላል መሞከሪያ ላስተምራችሁ። ሩቅ ያለ አንድ ምልክት ምረጡ፣ በኮምፓስ አነጣጥራችሁ ቁጥሩን ያዙ። ከዚያ ወደ ምልክቱ ቀጥ ብላችሁ 30 እርምጃ እየሄዱ በየ10 እርምጃው ድገሙት። ቁጥሩ መለወጥ የለበትም። ከተለወጠ ያንን ቦታ ለኮምፓስ እርሱት።

የማግኔት ሰሜን እና የእውነተኛው ሰሜን ልዩነትም አለ። በእኛ አካባቢ ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው፣ ወደ ምሥራቅ። ኮምፓሱ ያነበበው ላይ ይደመራል። በየዓመቱ ስለሚለወጥ ከድሮ ካርታ ጠርዝ አትቅዱ። የዓለም የማግኔት ሞዴል በየ5 ዓመቱ ይታደሳል፣ የ2025 እትም ወጥቷል። አንድ ነገር ደግሞ ሰው አያስበውም። የማግኔት ወገብ በአዲስ አበባ አጠገብ ነው የሚያልፈው። አዲስ አበባ ላይ ያለው የማግኔት መመዝገቢያ በ1950ዎቹ መጨረሻ (በፈረንጅ) ሲቋቋም ቦታው የተፈለገበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። እዚህ መርፌ ተጋድሞ ነው የሚተኛው። ለሰሜን አውሮፓ የተሠራ ኮምፓስ መርፌው የተመዘነው ለዚያ ስለሆነ እኛ ዘንድ አንድ ጎኑ ዘቅዝቆ ክዳኑን ይፈትጋል። ርካሽ ኮምፓስ ገዝታችሁ መርፌው የሚደናቀፍ ከሆነ ሰበቡ ይሄ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ፀሐይን ተጠቀሙ። ግን በእኩለ ቀን አይደለም፣ እሱ የመማሪያ መጽሐፍ ምክር ነው፣ ለአዳማ አይሆንም። አዳማ ያለችው በ8.5 ዲግሪ ሰሜን ነው። ሚያዝያ መጀመሪያ እና ነሐሴ መጨረሻ ላይ ፀሐይ በእኩለ ቀን አናታችሁ ላይ ትቆማለች፣ ጥላ የለም። በነዚህ ሁለቱ መካከል ፀሐይ በእኩለ ቀን በስተሰሜን ናት! ጥላው ወደ ደቡብ ይወድቃል። «የቀትር ጥላ ሰሜንን ያሳያል» ብሎ ግንቦት ላይ የተከለ ሰው 180 ዲግሪ ተገልብጦ ይተክላል። በዚያ ላይ የአዳማ ቀትር 6 ሰዓት ላይ አይደለም፣ 6 ከ23 ገደማ ነው፣ እንደ ወቅቱ ከ6 ከ7 እስከ 6 ከ37 ይዋዥቃል።

ጠዋት ግን ሌላ ነው። ለምድር ወገብ በቀረበ አገር ፀሐይ ስትወጣ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው፣ ወደ ጎን ብዙ አትሄድም። በአዳማ ልክ ስትወጣ አቅጣጫዋ በሰዓት 2 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው የሚለወጠው። ሰዓታችሁ በአንድ ደቂቃ ቢሳሳት ከዲግሪ መቶኛው ጥቂት ነው የምትሳሳቱት። ከግንበኛ ቱንቢ ተዋሱ። ከሴንሰሩ ጉድጓድ አጠገብ በሲባጎ አንጠልጥሉት። የአዳማ ንፋስ እንደሚያወዛውዘው ስለማውቅ ክብደቱን ባልዲ ውሃ ውስጥ ንከሩት፣ ይረጋል። የሲባጎው ጥላ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ ሲወድቅ በእርሳስ ነጥቡ፣ ሰዓቱን ከጂፒኤስ ያዙ። በቦታውና በሰዓቱ የፀሐይዋን አቅጣጫ ማስላት የስልክ ሥራ ነው። ጥላው ከሱ 180 ዲግሪ ነው። ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ባለው አምስት ስድስት ጊዜ ድገሙ፣ ቁጥሮቹ በግማሽ ዲግሪ ውስጥ ይስማማሉ።

ሰማዩ ከደመነ ተርባይኖቹ ይካሱ። ኮረብታው ላይ ያለ አንድ ማማ ከእናንተ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው። ቦታውን ከሳተላይት ምስል አንብቡ። በ3 ኪሎ ሜትር ላይ 5 ሜትር ብትሳሳቱ ስህተቱ 0.1 ዲግሪ ብቻ ነው። ሁለት ወጥመድ አለው። አንደኛ ነጥባችሁን የማማው እግር ላይ አድርጉ፣ ረጅም ነገር በሳተላይት ምስል ላይ ተጋድሞ ነው የሚታየው። ሁለተኛ ማማዎቹ መንታ ናቸው፣ አንዱን ከአንዱ መለየት አይቻልም። ከረድፉ ዳር ቆጥራችሁ ሦስት ማማ ያዙ፣ በመካከላቸው ያለው ማዕዘን ከካርታው ጋር ካልገጠመ ተሳስታችሁ ቆጥራችኋል። ሀብታም ፕሮጀክቶች ጋይሮኮምፓስ ያመጣሉ። የምድርን ሽክርክሪት ተከትሎ ሰሜንን ያገኛል፣ ድንጋይና ብረት አያሳስተውም። ዋጋው ግን የኛ ነገር አይደለም።

መስመሩን ወደ ሴንሰሩ ለማውረድ ክዳኑን መክፈት ይበቃል። አናቱ ላይ ያለውን ምልክት እዩ፣ ከሱ ጋር ትይዩ ሲባጎ ወጥሩ፣ በሲባጎውና በጥላው መካከል ያለውን ማዕዘን ለኩ። ማኑዋሉን ሳታነቡ እንዳትለኩ። አንዳንዱ ፋብሪካ ሰሜንን ነው ምልክት የሚያደርገው፣ አንዳንዱ ምሥራቅን።

ስትለኩ ምልክቱ 6 ዲግሪ ወደ ቀኝ ዞሮ አገኛችሁት እንበል። እጃችሁ ያሳክካል። ተዉት! እኔ በወጣትነቴ አንዱን ጣቢያ ስጎበኝ ሴንሰሩ ጠሞ አየሁት። ፈገግ ብዬ አቀናሁትና ሄድኩ። ስንት ዲግሪ እንደነበረ አልለካሁም፣ በየትኛው ሰዓት እንዳቀናሁት አልጻፍኩም። ከዚያ ቀን በፊት የነበረው የወራት ዳታ ባለቤት አጣ። ጠማማው ሴንሰር አልበደለኝም። የበደለኝ ያቀናው እጄ ነው። በሬይሊ ሞገድ መልሼ እስካገኘው ድረስ ብዙ ሌሊት ሄዷል።

እርማቱ የሚሠራው ሜታዳታው (ስለ ዳታው የሚገልጸው ፋይል) ላይ ነው። ጥሬውን ዳታ አትንኩት፣ ስሙንም አትቀይሩ። ለእያንዳንዱ ቻናል አዚሙቱን (ከሰሜን ወደ ቀኝ የሚቆጠረውን አቅጣጫ) ጻፉ። በምሳሌያችን «ምሥራቅ» የተባለው ቻናል በእውነቱ ሰሜንን የሚሰማው ስለሆነ አዚሙቱ 6 ነው። «ሰሜን» የተባለው 96። ከጥቅምት እስከ ዛሬ ይህ ይጸናል። ኬብሉን ካስተካከላችሁ በዚያች ደቂቃ ሜታዳታው ላይ አሮጌውን ዘመን ዝጉ፣ አዲስ ክፈቱ። ምክሬን ከጠየቃችሁኝ ግን ጣቢያው እስኪነቀል ኬብሉን ባለበት ተዉት። አንድ ወጥ ስህተት ከሁለት ዓይነት ትክክል ይሻላል። በዓለም ልማድ ከእውነተኛው አቅጣጫ ከ5 ዲግሪ በላይ የራቀ አግድም ቻናል «ሰሜን» «ምሥራቅ» አይባልም፣ 1 እና 2 ይባላል። ለሌላ ሰው ስታካፍሉ እንዲያ ሰይሙት።

ስሌቱ አጭር ነው። የመጀመሪያው ቻናል (በምሳሌያችን «ምሥራቅ» የተባለው) ከሰሜን «ቀ» ዲግሪ ወደ ቀኝ ከዞረ፣ ሁለተኛው ከሱ 90 ወደ ቀኝ ከሆነ፦

ሰሜን = አንደኛው × ኮሳይን ቀ − ሁለተኛው × ሳይን ቀ

ምሥራቅ = አንደኛው × ሳይን ቀ + ሁለተኛው × ኮሳይን ቀ

ሰው የሚሳሳተው በመደመርና በመቀነስ ምልክቱ ነው። አንዱ ፕሮግራም «ሴንሰሩ ይህን ያህል ዞሯል» ይላል፣ ሌላው «ይህን ያህል መልሱት» ይላል። ስለዚህ የደህናውን ጣቢያ ዳታ ሆን ብላችሁ በ30 ዲግሪ አዙሩና ፕሮግራሙ ምን እንደሚል እዩ። አሥር ደቂቃ ነው የሚፈጀው። በሬይሊ የምታወጡትን ቁጥር ከአንድ መንቀጥቀጥ አትውሰዱ። ከየአቅጣጫው አሥርም አሥራ አምስትም ሰብስቡ፣ መካከለኛውን ያዙ። ከደቡብ ምዕራብ የሳውዝ ሳንድዊች ደሴቶች አሉላችሁ፣ 210 ዲግሪ ገደማ ናቸው። ውጤቱ ከ2 እስከ 3 ዲግሪ ድረስ ይታመናል። በፀሐይ ከለካችሁት ጋር ከተስማማ ፀሐይዋን ጻፉ።

እስካሁን የሠራችሁት ምን ይሆናል? የመንቀጥቀጡን ቦታ ያገኛችሁት በመድረሻ ሰዓት ከሆነ አይነካም። ሰዓት በቻናል ስም አይለወጥም። መጠኑም በተግባር ያው ነው። የሚነካው አቅጣጫ ያለበት ሁሉ ነው። 5 ዲግሪ ስህተት ከአንዱ አግድም ወደ ሌላው 9 በመቶ ያህል ያፈስሳል፣ 10 ዲግሪ 17 በመቶ። የመስታወቱ ግን የባሰ ነው። የኤስ ሞገድ መሰንጠቅን (ሞገዱ በስንጥቅ ዓለት ውስጥ ፈጣንና ዘገምተኛ ሆኖ መከፈሉን) ልትሠሩ ካሰባችሁ ተጠንቀቁ። በሸለቆው ወለል ያሉት የወንጂ ስንጥቆች ወደ ሰሜን ሰሜን ምሥራቅ ነው የሚሄዱት፣ ፈጣኑ ሞገድም ስምጥ ሸለቆውን ተከትሎ መሄዱን ከ20 ዓመት በፊት የተሠሩ ጥናቶች አሳይተዋል። በእናንተ ቻናል 20 ዲግሪ የነበረው 70 ሆኖ ይወጣል። ቦኩ ላይ ብቻ ሞገዱ ሸለቆውን አቋርጦ ሄደ የሚል ወረቀት ትጽፋላችሁ፣ ምናልባትም ማግማ ትጠረጥራላችሁ። በሁለት ሽቦ ምክንያት።

ነገ ማለዳ የካምቻትካውን ፋይል ክፈቱ። 58 አካባቢ ከወጣ ቁጥሩን ላኩልኝ። ሌላ ቁጥር ከወጣ ደግሞ የመሰኪያውን ፎቶ ጨምሩበት፣ የየሽቦው ቀለም በደንብ እንዲታይ አድርጋችሁ።